ከፍቅር ሐይቅ ዳር የተገኘ ግማሽ መጽሐፍ

በምከታተለው የመጻሕፍት ወዳጆች የውይይት መድረክ ላይ ሰሞኑን የተከፈተውን አንድ ክር (አንድ ጥያቄና ተከታታይ መልሶቹን) ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው መልስ አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ የተነሣው ከምኖርባት ከሐዋሳ፣ ያውም ከሐይቁ ዳር ስለሆነ ላላነበቡት በተራ ቁጥሩ እተርከዋለሁ፤ ፍሬ የሌላቸውን መልሶች ግን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ።

ጥያቄውን ያቀረቡት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ በገንዘብ ከፋይነት የሚሠሩ ሴት ናቸው። የዓመት ፈቃዳቸውን ለማሳለፍ ሐዋሳ መጥተው፣ አመሻሽ ላይ በፍቅር ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸሩ ከአንዲት ልጅ ቆሎ ገዙ። ልጅቱ ቆሎውን የምትሰጠው ከአሮጌ መጽሐፍ በገነጠለችው ወረቀት ጠቅልላ ነበር። ሴትዮዋ ቆሏቸውን ጨርሰው ወረቀቱን ሊጥሉ ሲሉ ዓይናቸው አንድ ሥዕል ላይ ዐረፈ። በሥዕሉ ላይ ኮት የለበሰ ሰው የአንድ ገበሬ አውራ ጣት ጨብጦ ጠረጴዛ ላይ ወደተዘረጋ ወረቀት ይስባል፤ ገበሬው ደግሞ ክንዱን ወደ ኋላ ይመልሳል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል የተጻፉት ዐረፍተ ነገሮች ከአራት ወይም ከአምስት ቃል የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ጭብጣቸውም ሰው ያላነበበው ወረቀት ላይ ጣቱን እንዳያሳርፍ የሚመክር ነበር። ጠያቂዋ ወደ ልጅቱ ተመልሰው የቀረውን መጽሐፍ ገዙ። ሽፋኑ የለም፤ የኋላው ግማሽም ከአንዳንድ የመካከል ገጾች ጋር ለቆሎ ሄዷል። የተረፈው ለዘመድ ደብዳቤ፣ ለገበሬ ማኅበር ማመልከቻ፣ ለተቀበሉት ገንዘብ ደረሰኝ፣ እንዲሁም የብድር ውል እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምር ነው።

ሴትዮዋ በዚህ ደረቅ የማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያላሰቡትን አያታቸውን እንዳገኙ ጻፉ። አያታቸው ከውጭ የሚላክላቸውን ሐዋላ ለመቀበል እርሳቸው ወደሚሠሩበት ቅርንጫፍ ሲመጡ፣ የአሻራ ቀለሙን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አድርገው እስክሪብቶ ይጠይቃሉ። ከዚያም ጥለት እንደሚጠልፍ ሰው አጎንብሰው ስማቸውን ፊደል በፊደል ያሰፍራሉ፤ ከኋላ የተሰለፈው ደንበኛ ያጉረመርማል፣ አለቃም ከመስተዋቱ ወዲያ ሰዓቱን ያያል። የልጅ ልጅ ይህን ሁልጊዜ የእርጅና እልህ ነው ብለው ሲያልፉት ቆይተው፣ ሥዕሉን ሲያዩ ግን አያታቸው እንዲህ ያለ ትምህርት ተምረው፣ ጣታቸውን ለማንም ላለመስጠት ወስነው የኖሩ ሰው መሆናቸው ታያቸው። ስለዚህ መድረኩን ሁለት ነገር ጠየቁ፤ አንደኛው መጽሐፉ የትኛው እንደሆነና የጎደሉት ገጾች የት ሊገኙ እንደሚችሉ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ይህን ትርጉም የሰጣቸው መጽሐፉ ይሁን ወይስ እርሳቸው ራሳቸው ያሸከሙት።

1ኛው መልስ ምስጋና ብቻ ነው። 2ኛው መልስ ሰጪ መጽሐፉ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑን በሙሉ ልብ ጻፉ፤ ማስረጃቸውም የሥዕሉ አሣሣል ነበር።

3ኛውን መልስ የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የክሩ ምሰሶ የሆኑትም እርሳቸው ይመስሉኛል። 2ኛውን መልስ ሰጪ በትሕትና አርመው፣ ሁለት ዘመቻዎች እንደተምታቱባቸው አስረዱ። የ1967ቱ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ያሰማራ ሲሆን፣ ማንበብና መጻፍ ማስተማር የመሬት አዋጁን ከማስረዳትና ገበሬውን በማኅበር ከማደራጀት ጎን ለጎን ከነበሩት ሥራዎች አንዱ ብቻ ነበር። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተባለው ግን የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። በዚህኛው ዘመቻ ሰዎች ፊደልና ቁጥር ከለዩ በኋላ ያወቁትን እንዳይረሱ፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጽሕፈት የሚያስተምሩ የድኅረ መሠረተ ትምህርት መጻሕፍት ይዘጋጁላቸው ነበር። እንደ መምህሩ ግምት ጠያቂዋ ያገኙት ከእነዚህ አንዱ ነው።

መምህሩ በዚያ ዘመን ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሆነው ከይርጋለም ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር አስተምረዋል። ትምህርቱ የሚሰጠው ሰው ከሥራ ሲመለስ በፋኖስ ብርሃን ነበር፤ እርሳስ ስለማይበቃ አንዱ ለሁለት ይቆረጥ ነበር። ተማሪዎቹ ሀ ሁን ከመጨረሳቸው በፊት የየራሳቸውን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው እንዲሰጧቸው ይጠይቋቸው እንደነበር፣ ያንንም እቤታቸው ወስደው ከምድጃው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል ይለማመዱት እንደነበር ያስታውሳሉ። አንዲት እናት ግድግዳው በስማቸው ሞልቶ ባልየው ስለ ተቆጡ፣ በማግስቱ የባልየውንም ስም አስጽፈው ወሰዱ። ከዚያ ወዲያ ቁጣው ቀርቶ ግድግዳውን ለሁለት ተካፈሉት።

4ኛው መልስ ሰጪ ቆሎው የገብስ ብቻ ይሁን ሽምብራ የተቀላቀለበት ለማወቅ ፈለጉ። ማንም አልመለሰላቸውም።

ክሩ ጠባዩን የለወጠው በ5ኛው መልስ ነው። የጻፉት የሐዋሳ ነዋሪ ሲሆኑ፣ ቅዳሜና እሑድ እየመጡ ዓሣ በልተው፣ አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ የሐይቅ ዳር ወፍ ጋር ፎቶ ተነሥተው፣ በመጨረሻም በወደቀ ወረቀት ላይ ትርጉም አገኘን የሚሉ እንግዶች እንደሰለቿቸው ሳይሸሽጉ ተናገሩ። በዚያ ሰዓት ጥናቷ ላይ መሆን የሚገባት ልጅ ቆሎ ስትሸጥ አይተው፣ የምትቀድደውን ወረቀት ማንበብ ትችል እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ስለ ሩቅ አያታቸው መጻፋቸው ጠያቂዋን እንዴት እንዳላሳፈራቸው ጠየቁ። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ጥያቄው ግን ከቦታው የወጣ አይደለም። እኔም በዚያ ጎዳና በሄድሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ነገር ነው።

ጠያቂዋ በ6ኛው መልስ ሳይቆጡ መለሱ። ልጅቱን አነጋግረዋታል፤ በጠዋቱ ፈረቃ ትማራለች፣ አምስተኛ ክፍል ናት፣ ታነባለችም። መጽሐፉን ከኋላ በኩል መገንጠል የጀመረችው ሥዕል የበዛባቸው ገጾች ከፊት ስለሆኑና እነርሱን ለመጨረሻ ማቆየት ስለምትወድ ነው፤ መሐል መሐል የጎደሉትም ጽሑፍ ብቻ የነበረባቸው ናቸው። ያን ዕለት ግን ሥዕል የሌለባቸው አልቀውባት ሥዕሉ ያለበትን ገጽ ለመንካት ተገደደች። ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ፣ የቀሩትን ገጾች አንድ በአንድ ቆጥራ፣ ስንት ጥቅል ቆሎ እንደሚወጣባቸው አስልታ፣ በዚያው ልክ ጠየቀች። ሴትዮዋ ከዚያ ጨምረው ሲሰጧት የተረፈውን መለሰችላቸው። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የወደድሁት ይህን መልስ ነው፤ መጽሐፉን ከመጥፋት ያተረፈው የባንክ ሠራተኛዋ ዓይን ሳይሆን የአንዲት ሕፃን ሥዕል መውደድ መሆኑን ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም።

7ኛው መልስ ሰጪ ዛሬ በከተማችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፤ በልጅነታቸው ግን እዚያው ሐይቅ ዳር ቆሎና ኦቾሎኒ ይሸጡ ነበር። መጀመሪያ 5ኛውን መልስ ሰጪ፣ በሥራው የሚያፍር ሰው ቢኖር እርሳቸው እንጂ ልጅቱ እንዳልሆነች አመለከቱና ስለ ወረቀቱ ወደ መተረክ አለፉ። ወረቀት በኪሎ ይገዛል። የሚመጣውም የታረመ የፈተና ወረቀት፣ ጊዜው ያለፈበት የመሥሪያ ቤት መዝገብ፣ ተማሪ የጣለው ደብተርና ባለቤቱ የሞተበት መጽሐፍ ነው። የሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት ስለሚያንሸራትት ጥቅሉ ይፈታል፤ የጋዜጣ ቀለም ደግሞ ከቆሎው ጋር ተጣብቆ ደንበኛ ያስቆጣል። የሚመረጠው ሻከር ያለ፣ ወፈር ያለ፣ እርጥበት የሚመጥ የድሮ መጽሐፍ ወረቀት ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በአብዛኛው በደርግ ጊዜ የታተመ እንደነበር በእርግጠኝነት ጽፈዋል።

እኚሁ ሰው ማንበብ የለመዱት ከጥቅል ላይ ነው። ታሪኩ እየጣማቸው ሳለ ገጹ ቆሎ ይዞ ይሄዳል፤ ደንበኛው በልቶ እስኪጨርስ ከኋላው ተከትለው ወረቀቱን የለመኑበት ጊዜ ብዙ ነው። የአንድ መርማሪ ልብ ወለድ መጨረሻ ሙዝ በምትሸጥ ጎረቤታቸው እጅ እንዳለ ሰምተው ሲደርሱ ግን ቀድማ አንድዳዋለች። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቁም። ከዚህ በኋላ ሦስት መልሶች ልብ ወለዱ የትኛው ሊሆን እንደሚችል ሲገምቱ ሄደዋል፤ እነርሱን ዘልያለሁ። ተራ ቁጥሩም ከዚህ በኋላ 11 ላይ ይጀምራል።

11ኛው መልስ ከሁሉም የከበደው ነው። ጸሐፊው ወንድማቸውን በቀይ ሽብር ያጡ ሰው ናቸው። በ1970 ዓ.ም. ሰው ታስሮ ያደረበት የቀበሌ አዳራሽ ከዓመት በኋላ ሰሌዳ ተሰቅሎበት የፊደል ትምህርት ቤት መሆኑን፣ እናታቸው ልጃቸው ለመጨረሻ ጊዜ በታየበት ክፍል ተቀምጠው ሀ ሁ እንዲቆጥሩ መጠራታቸውን፣ ሲቀሩም አባታቸው በቀበሌው መቀጮ መክፈላቸውን ጻፉ። ስለዚህም የዚያን ዘመቻ መጽሐፍ እንደ ውብ ቅርስ ሲወራለት መስማት እንደሚያማቸው ገለጹ፤ ሰው ያላነበበውን እንዳይፈርም የሚመክረው መንግሥት ራሱ ስንቱን ያላነበበውን እንዳስፈረመም አስታወሱ። መምህሩን በስም ሳይጠሩ፣ በፋኖስ ብርሃን የሚያምረው ትዝታ ለአስተማሪው እንጂ ለሁሉም ተማሪ አይደለም ብለው ዘጉ።

መምህሩ በ12ኛው መልስ አልተከራከሩም። ሐዘናቸውን ገልጸው፣ በእርሳቸውም መንደር የቀረ ሰው በማኅበሩ ስብሰባ ፊት ይቆም እንደነበር፣ ለሃያ ዓመት ወጣት ይህ ተገቢ መስሎት እንደነበር አልደበቁም። ነገር ግን ከአብዮቱ በፊት ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ሕዝብ ማንበብ የማይችል እንደነበር፣ ዘመቻውም በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት ማግኘቱን ጠቅሰው፣ ፊደሉ ካስተማረው መንግሥት ዕድሜ በላይ መቆየቱን ጻፉ። እኔ እንደማየው ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ አንዱ የሌላውን አይሽርም። መድረኩ ላይ ግን ለጥቂት ጊዜ አንዱን ለመሻር የፈለጉ ሰዎች በዝተው፣ 13ኛውና 14ኛው መልስ እርስ በርስ መሰዳደብ ደረሱ። የሁለቱንም ይዘት አልጽፈውም።

ክሩን ወደ መጽሐፉ የመለሱት 15ኛውን መልስ የጻፉት ጠበቃ ናቸው። የሥዕሉ ምክር ከአየር የመጣ እንዳልሆነ አስረዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማው ፋንታ የጣት ምልክቱን ሊያደርግ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማም ሆነ የጣት ምልክት፣ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ካልተረጋገጠ በቀር ሰውየውን አያስገድደውም። በጽሑፍ የሚደረግ ውልም በቁጥር 1727 መሠረት ሁለት ምስክሮች ሊኖሩት ይገባል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ደግሞ፣ በቁጥር 2472 እንደተደነገገው፣ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ያለው ኮት ለባሽ የገበሬውን ጣት ስቦ ቢያሳርፍም፣ ወረቀቱ በሕግ ፊት ባዶ ሊሆን ይችል እንደነበር ጠበቃው አብራሩ። መልሱ ንጹሕና ጠቃሚ ነበር።

በ16ኛው መልስ የመጡት የአለታ ወንዶ አካባቢ ተወላጅ ግን ንዴታቸውን አልሸሸጉም። ሕጉ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ አባታቸው ከአራጣ አበዳሪ ገንዘብ ወስደው፣ ያልደረሰ ቡናቸውን በዛፉ ላይ እንዳለ ያስያዙበት ወረቀት ላይ ጣታቸውን አሳርፈዋል። ማንም ዳኛ አላረጋገጠውም፤ አባታቸውም ማረጋገጫ የሚባል ነገር መኖሩን አልሰሙም። ቡናው ሲለቀም የሄደው ግን ወደ አበዳሪው ነው። ቁጥር 1728 በመጽሐፍ ሲነበብ ያማረ ቢሆንም፣ አባታቸው ያስፈለጋቸው ሕጉ ሳይሆን ያን ወረቀት የሚያነብላቸው አንድ ልጅ እንደነበር፣ ያ ልጅም ገና አለመወለዱን ጻፉ። ጠበቃውም በ17ኛው መልስ፣ ይህን ለመካድ እንዳልጻፉ፣ ሕግ የሚጠብቀው ሕጉን የሚያውቀውን መሆኑ በሥራቸው በየቀኑ እንደሚያጋጥማቸው በአክብሮት መለሱ።

18ኛው መልስ የአንድ ሲዳምኛ ተናጋሪ ነው። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ 15 እንደደረሰ፣ ሲዳምኛም አንዱ እንደነበረ፣ መጻሕፍቱም ሁሉ በግዕዝ ፊደል ይታተሙ እንደነበር አስታወሱ። አክስታቸው ሲዳምኛን ያነበቡት በዚያ ፊደል ነው፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ቋንቋው የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ዛሬ የአክስትየው የልጅ ልጆች የትምህርት ቤት መጽሐፋቸውን ይዘው ሲመጡ አክስትየው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈውን ማየት እንጂ ማንበብ አይችሉም። ልጆቹም የአክስትየውን መጽሐፍ እንዲሁ። መልስ ሰጪው ለውጡን አልተቃወሙም፤ ለቋንቋው ድምፆች የሚመች መሆኑን ያምናሉ። የጠየቁት እንደነዚህ ያሉ የሲዳምኛ መጻሕፍትም በቆሎ ሻጮች እጅ ይገኙ እንደሆነ ነው። 7ኛው መልስ ሰጪ በልጅነታቸው ማየታቸውን፣ ዛሬ ግን ካዩ ብዙ ዘመን መሆኑን በአንድ መስመር መለሱላቸው። ይህ ሰፊ ክርክር ሊከፍት የሚችል ነገር ነበር፤ እንደ አለመታደል ሆኖ ማንም አልቀጠለውም።

በ20ኛው መልስ የመጡት ተጠራጣሪ ሰው ስለ ዘመቻውም ስለ ሕጉም ግድ የላቸውም፤ የያዙት ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። እንደ እርሳቸው አመለካከት መጽሐፉ ለጠያቂዋ ምንም አልነገራቸውም። ሰው በዕረፍት ላይ ሲሆን ሥራ የፈታ አእምሮው ያገኘውን ሁሉ ለእርሱ የተላከ መልእክት ያደርገዋል፤ በዚያ ምሽት እጃቸው የገባው የስልክ ማውጫ ቢሆን ኖሮ የአያታቸውን ስም ፈልገው ሲያለቅሱ ያመሹ ነበር። ደግሞስ መጽሐፉ የተጻፈው ማንበብ ለጀመረ ጎልማሳ እንጂ ዲግሪ ላላት የባንክ ሠራተኛ አይደለም። 21ኛው መልስ ሰጪ በዚህ ተናደው፣ በስልክ ማውጫ ላይ ክንዱን ወደ ኋላ የሚመልስ ገበሬ እንደሌለ አመለከቱ፤ ለሌላ ሰው የተጻፈ መሆኑም ለክርክሩ መልስ እንጂ ተቃውሞ እንዳልሆነ አከሉ፤ ጠያቂዋ በመስኮቱ ወዲያ በኩል የቆመውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት፣ መጽሐፉ ለእርሱ የተናገረውን ከጎን ሆነው ስለ ሰሙ ነው። ከክርክሮቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል፤ የተጠራጣሪው ጽሑፍ ግን የበለጠ ያዝናናል።

ከ22 እስከ 25 ያሉት መልሶች ስለ ዓሣ ናቸው። አንዱ አሞራ ገደል ላይ የሚጠበሰው ኮረሶ ይሻላል፣ ሌላው አምባዛን በዳጣ ያልቀመሰ ሐዋሳ መጣሁ አይበል ይላሉ። የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለት ጊዜ ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ለምነዋል።

26ኛው መልስ ነገሩን ወደ ዛሬ አመጣው። አያትየው ጣታቸውን ለቀለም ባይሰጡም፣ ለፋይዳ መታወቂያ ግን አሥሩንም ጣቶቻቸውን በመሣሪያው ላይ ሳያሳርፉ እንዳልቀሩ መልስ ሰጪው ገመቱ፤ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተዘረጋው ሥርዓት የተማረውንም ያልተማረውንም በአሻራና በዓይን ብሌን ይመዘግባልና። ፊርማ የተማረ ሰው ምልክት በነበረበት አገር ዛሬ ዶክተሩም ጠበቃውም ጣታቸውን ይሰጣሉ። ጠበቃው፣ በመታወቂያ ላይ ያለው አሻራ ሰውየው ማን እንደሆነ እንጂ በምን እንደተስማማ እንደማይናገር ለይተው አስረዱ።

ጠያቂዋ በ28ኛው መልስ ሲመለሱ ያመጡት ነገር የጠበቅሁት አልነበረም። ለአያታቸው ስልክ ደውለው ስለ ሥዕሉ ነግረዋቸዋል። አያትየው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ዓይተው አያውቁም። ማታ ማታ ቀበሌ ሄደው ስማቸውን መጻፍ ተምረዋል፤ ነገር ግን ልጅ ስለ ወለዱ ትምህርቱን ሳይጨርሱ ተዉት። የአሻራ ቀለሙን የሚገፉት ስንት ሰው ጣቱን የነከረበት ስለሆነና ሁለት ቀን ሙሉ ስለማይለቅ ነው፤ ሊጥ የሚያቦካ እጅ እንዴት እንዲህ ይቆሽሻል ብለው ሳቁ። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁ፤ ገበሬው በመጨረሻ እጁን አስለቀቀ ወይስ አሳረፈ? የሚቀጥለው ገጽ ስለሌለ የልጅ ልጅ መልስ አልነበራቸውም።

ተጠራጣሪው በ29ኛው መልስ ድላቸውን አወጁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል፤ ታላቁ ትርጉም የቀለም እድፍ ሆኖ ተገኝቷል። መምህሩ ግን በ30ኛው መልስ፣ አዛውንቶች ለልጅ ልጅ በስልክ የሚሰጡት ምክንያት የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው እንዳልሆነ፣ ቆሻሻ መጥላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሰልፍ አስቁመው ከመጻፍ ይልቅ ጣታቸውን ጠርገው መሄድ ይችሉ እንደነበር ጻፉ። እኔ ከሁለቱም በጥቂቱ እለያለሁ። ጠያቂዋ ስለ አያታቸው የገመቱት ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና በዚያ መስኮት ሲያስተናግዷቸው ኖረው ለምን እንደሆነ የጠየቋቸው ከዚያ ምሽት በኋላ ነው፤ አያትየውም ከማያውቁት መጽሐፍ የገበሬውን መጨረሻ ለማወቅ ፈልገዋል። መጽሐፉ መልሱን ባይይዝም ጥያቄውን አስነሥቷል፤ ተጠራጣሪው የስልክ ማውጫም ይህን ያደርግ ነበር ካሉ ያሳዩን።

የአያትየው ጥያቄ ብዙ ሰው አነሣሣ። 7ኛው መልስ ሰጪ በዚያ ሰሞን በሐይቁ ዳር ከሚሸጡት ልጆች ዘንድ እየዞሩ እንደሚጠይቁ ቃል ገቡ፤ ከዚያም በ33ኛው መልስ፣ ያን ገጽ የያዘው ደንበኛ ማን እንደሆነ ማንም እንደማያስታውስ አሳወቁ፤ ልጅቱ ግን ከእንግዲህ የመጽሐፍ ወረቀት ሲመጣላት መጀመሪያ ልታሳያቸው ተስማምታለች። መምህሩ እርሳቸው ባስተማሩት ተመሳሳይ ምዕራፍ ውስጥ ገበሬው የጎረቤቱን ልጅ ጠርቶ ወረቀቱን ሲያስነብብ፣ የተጻፈው ገንዘብ ከተበደረው በልጦ መገኘቱን አስታወሱ፤ ያም መጽሐፍ ይህኛው ይሁን ሌላ ሽፋኑ ሳይታይ መናገር አይቻልም። 11ኛው መልስ ሰጪ ከረጅም ዝምታ በኋላ ተመልሰው፣ እናታቸው ከዚያ አዳራሽ ተምረው የወጡት ስም መጻፍ ብቻ እንደሆነና እርሱንም የወንድማቸውን ስም ለመጻፍ እንደተጠቀሙበት በአንድ ዐረፍተ ነገር አከሉ። ለዚህ መልስ የሰጠ ሰው የለም፤ ደግ አደረጉ።

የመጨረሻዎቹን መልሶች የተለዋወጡት የአለታ ወንዶው ሰውና ጠበቃው ናቸው። ሰውየው ያ የአባታቸው ወረቀት ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ተመልሶላቸው፣ አሁንም በታላቅ ወንድማቸው ቤት እንዳለ ገለጡና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ጠበቃው በመጀመሪያ፣ በውል ላይ የሚነሣ ክስ በጠቅላላው በ10 ዓመት በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ በማለፉ፣ ስለሚታገድ ከዚህ በኋላ የሚገኝ ገንዘብ እንደማይኖር አስጠነቀቁ። ሰውየው ክስ እንደማይፈልጉ፣ የፈለጉት አባታቸው ያን ጊዜ በእርግጥ ግዴታ ነበረባቸው ወይ የሚለውን ብቻ ማወቅ መሆኑን መለሱ። ጠበቃውም የወረቀቱን ጀርባ ጭምር እንዲያዩ፣ የአዋዋይ፣ የመዝጋቢ ወይም የዳኛ ማረጋገጫና ማኅተም መኖር አለመኖሩን እንዲመለከቱ፣ ምስክሮቹ ሁለት መሆናቸውንና በጊዜው ዕድሜያቸው የደረሰ መሆኑንም እንዲጠይቁ ነገሯቸው፤ ማረጋገጫው ከሌለ በዚያ ወረቀት አባታቸው በሕግ አልተገደዱም ነበር። ሰውየው በመጪው እሑድ ወደ ወንድማቸው ቤት ሄደው ወረቀቱን በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሥተው እንደሚለጥፉ ጽፈዋል።